ከንቲባው በዋርካው ሥር የሰጡት ቃል

ዜናው የደረሰኝ በስልክ ነው። አብረን በሠራንበት የከረጢት ፋብሪካ የጽሕፈት መኪና ጸሐፊ የነበረችው ወይዘሮ ጽጌ ሰላምታዋን እንኳ በቅጡ ሳትጨርስ፣ «ጋሼ፣ ከንቲባው አረፉ» አለችኝ። የትኛው ከንቲባ ብዬ አልጠየቅኋትም። አቶ ወርቅነህ በከንቲባነት ያገለገሉት ጥቂት ዓመታት ብቻ ነው፤ በፋብሪካው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ሆነው የቆዩት ግን ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ሆኖም በአንድ ጣሪያ ሥር አብራቸው የሠራችው ሴት እንኳ በሞታቸው ቀን የጠራቻቸው በመጀመሪያው ማዕረጋቸው ነው። ሰው ለእሳቸው ያደረገው የመጨረሻ ቸርነት ይህ ይመስለኛል። እኔ እንዲህ ያለውን ቸርነት አልችልበትም።

ቀብሩ ላይ ተገኝቻለሁ። የሕይወት ታሪካቸውን ያነበበው የእህታቸው ልጅ ነበር። «ከተማቸውን በቅንነት አስተዳድረው፣ ቀጥሎም በኢንዱስትሪው ዘርፍ ሕዝብንና ድርጅትን ሲያቀራርቡ ኖሩ» ብሎ አለፈ። ድምፁ መልካም ነው፤ ለቀስተኛውም ራሱን ነቀነቀ። እኔ ግን መሐንዲስ ነኝ፤ የድልድይ ሁለት ዳርቻዎች በምን እንደተያያዙ ሳላይ በላዩ መራመድ አልወድም። በቅንነቱና በማቀራረቡ መካከል ምን እንደ ነበረ አውቃለሁ። የማውቀውን ሳልጽፍ ዝም ብል ሟቹን ማክበር ሳይሆን ማጭበርበር ይሆንብኛል።

ከአቶ ወርቅነህ ጋር ሁለት ጊዜ ሠርቻለሁ። የመጀመሪያው፣ በደርግ ዘመን መባቻ፣ ከዩኒቨርሲቲ በሲቪል ምሕንድስና ተመርቄ በአዋሳ ማዘጋጃ ቤት ስመደብ ነው። ያን ጊዜ ከተማዋን የምንጽፋት «አዋሳ» ብለን ነበር፤ ለዘመኑ ታማኝ ለመሆን እኔም እንዲሁ እላታለሁ። አቶ ወርቅነህ ከሰሜን ሸዋ በትምህርት ቤት ዳይሬክተርነት ወደ ደቡብ የመጡ፣ አጠር ያሉ፣ ጠይም፣ ጾም የማያጓድሉ፣ ድምፃቸው ከቁመታቸው የሚበልጥ ሰው ነበሩ። ባለጉዳይ ሲገባ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ያኖራሉ። አዲስ በገባሁበት ሰሞን ምክንያቱን ስጠይቃቸው፣ «በመነጽር የማየው ወረቀት ነው፤ ሰው ያለ መነጽር ይታየኛል» አሉኝ። እንደ ቀልድ ወስጄው ነበር። ቀልድ አለመሆኑን ያወቅሁት ዛሬ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር በአንድ ቦኖ ውሃ ምክንያት የተነሣውን ጠብ ሲዳኙ ካየሁ በኋላ ነው።

ሴቶቹ ተደባድበው እንስራ ተሰብሯል። የቀበሌው ሰዎች ቦኖውን ዘግተው ቁልፉን ይዘዋል። ከንቲባው እኔን አስከትለው በእግራቸው ሄዱ፤ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጡና ሁሉንም ተራ በተራ አናገሩ። በተለይ ወይዘሮ ብርቄ የተባሉ ጠላ ሻጭ ከሩብ ሰዓት በላይ ጎረቤታቸውን ሲሞልጩ ከንቲባው አንዴም አላቋረጧቸውም። በመጨረሻ ተነሡ።

«ወይዘሮ ብርቄ ያሉት ይህ ነው» አሉ። «ጠላ ጠምቄ ነው ልጆቼን የማሳድግ። ውሃ ለሌላው መጠጥ ከሆነ ለእኔ እንጀራዬም ነው። ብዙ የምቀዳው ስለምስገበገብ አይደለም። ይህን ነው ያሉት፤ ተሳሳትሁ?»

ሴትዮዋ እጃቸውን በአፋቸው ላይ ጫኑ። «ውይ! እኔ መቼ እንዲህ አሳምሬ ተናገርሁ!»

«ስድቡን ብቻ ነው የቀነስሁት» አሉ ከንቲባው፤ የተጣሏት ሴት ሳትቀር ሁሉም ሳቁ።

የእያንዳንዷን አቤቱታ እንዲህ እየደገሙ፣ ተናጋሪዋ «ልክ ነው» እስክትል ድረስ እያረሙ ከጨረሱ በኋላ ነው ፍርዳቸውን የሰጡት። ቦኖው ያን ቀን ተከፈተ፤ ሁለተኛም ተተከለ፤ መስመሩን የዘረጋሁት እኔ ነኝ። በዩኒቨርሲቲ ያልተማርሁትን አንድ ነገር ያን ዕለት ተማርሁ፤ ሰው የተፈረደበት እንኳ ቢሆን በትክክል ከተሰማ ቀና ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ይህን ዘዴ ከየት እንዳመጡት ሲጠየቁ አይደብቁም ነበር፤ ያስተማሯቸው አቶ ላሚሶ ናቸው። አቶ ላሚሶ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ቱላ በሚወስደው መንገድ አጠገብ የሚኖሩ የሲዳማ ሽማግሌ ናቸው፤ ረዥም፣ ቀጭን፣ በዝግታ የሚናገሩ። አቶ ወርቅነህ አዲስ ከንቲባ ሳሉ ስለ ከተማው ወሰን ለመነጋገር ወደ ሶንጎው፣ ማለትም ሽማግሌዎች በዋርካ ሥር ወደሚሰበሰቡበት ሸንጎ፣ ሄደው እንደ ደረሱ ንግግራቸውን ጀመሩ። ብዙ ተናገሩ፤ ጨረሱም። አንድም ሰው አልመለሰላቸውም። በመጨረሻ አቶ ላሚሶ በአማርኛ፣ «ከንቲባ» አሏቸው፣ «እርስዎ ደርሰው ተመልሰዋል፤ እኛ ገና አልተነሣንም።»

ከዚያ ሥርዓቱን አስረዷቸው። ነገር ያለው ሰው ነገሩን ከማውጣቱ በፊት «አፊኒ?» ብሎ ይጠይቃል፤ «ሰማችሁ ወይ?» እንደ ማለት ነው። ያልሰማው «አልሰማንም፣ አሰማን» ይላል። ተናጋሪው ያን ጊዜ ይናገራል፤ ማንም አያቋርጠውም። የሚናገረውም ሀላሌ፣ እውነት፣ መሆን አለበት፤ በዚያ ዋርካ ሥር የሚነገር ቃል ወረቀት ስለማይጻፍለት ተናጋሪው ራሱ ነው ወረቀቱ። አቶ ወርቅነህ ይህን በሰሙ ጊዜ ይቅርታ ጠይቀው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። በዓመቱ በሲዳምኛ «አፊኒ?» ሲሉ ሽማግሌዎቹ በአነጋገራቸው ይስቁ ነበር፤ ሳቁ የወዳጅ ነው። በፍቼ፣ በሲዳማ አዲስ ዓመት፣ በዓሉ በሚከበርበት በጉዱማሌ አደባባይ ቦታ ተለቆላቸው ከሽማግሌዎቹ መካከል ተቀምጠው አይቻቸዋለሁ። ከሰሜን በሹመት የመጣ ሌላ ሰው እንደዚያ ተቀምጦ አላየሁም።

ነገሩ የተበላሸው በመስኩ ምክንያት ነው።

የአቶ ላሚሶ ዘመዶችና ጎረቤቶች ከብት የሚያሰማሩበት ሰፊ መስክ ነበር። የከተማ ሰው ሲያየው ባዶ ሜዳ ይመስለዋል። ሆኖም ከብት ያለ መስክ አይኖርም፤ እንሰት ያለ ከብት ፍግ አያድግም፤ እነዚያ ቤቶች ደግሞ የሚበሉት እንሰት ነው። መስኩን መውሰድ ምግቡን ከገበታው ላይ ማንሣት ነበር። ከመስኩ አጠገብ የነበረው የመንግሥት ከረጢት ፋብሪካ መጋዘኖቹንና ግቢውን ለማስፋፋት ይህን ቦታ ጠየቀ፤ የበላይ አካልም ከንቲባው እንዲፈርሙ አዘዘ። አቶ ወርቅነህ ወደ ሶንጎው ሄደው ሰሙ። «እኔ በዚህ ወንበር ላይ እስካለሁ ድረስ መስኩ አይነካም» ብለው ቃል ገቡ።

በክፍለ ሀገሩ ስብሰባ ላይ ሲጠየቁ እኔ ከኋላቸው ካርታ ይዤ ተቀምጫለሁ።

«ባለቤቱን ሳልሰማ አልፈርምም» አሉ።

«የመሬት ባለቤት መንግሥት ነው፣ ጓድ ከንቲባ!» አላቸው ሰብሳቢው።

«እንግዲያው መንግሥት መጥቶ ላሞቹን ይለብ።»

አንድ ሰው ሳቀና ወዲያው ሳል አስመሰለው። ከንቲባው በማግሥቱ ለጥያቄ ተፈልገው ተወሰዱ፤ ወራት ሳይመለሱ ቆዩ። የት እንዳሉ በይፋ የሚናገር አልነበረም። ወደ ባለቤታቸው ወደ ወይዘሮ አስካለ ቤት የሚሄድ ሰው ተመናመነ፤ የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች በዚያ መንገድ ማለፍ ተዉ። አቶ ላሚሶና ሁለት ሽማግሌዎች ግን በጠራራ ፀሐይ ወተት፣ ቅቤና ቆጮ አስጭነው በዋናው በር ይገቡ ነበር። ከቤቱ ፊት ለፊት ባለች ሱቅ ጋዜጣ እያነበበ የሚውል ሰው ነበር፤ ማን እንደ ሆነ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። አቶ ላሚሶ ሲያልፉ ሰላምታ ይሰጡታል። ይህን ያጫወቱኝ ወይዘሮ አስካለ ናቸው፤ ሲናገሩ ያለቅሱ ነበር። በዚያን ዘመን የታሳሪን ቤት በር ማንኳኳት ምን እንደ ነበር ያላየ ሰው የዚያን ቅቤ ዋጋ አያውቀውም።

አቶ ወርቅነህ ሲፈቱ ክብደታቸው ግማሽ ሆኗል። ስለ እስሩ ቃል አልተነፈሱም። ከንቲባነታቸው ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር። ጥቂት እንደ ቆዩ ምደባቸው ወጣ፤ በዚያው መስኩን በጠየቀው ፋብሪካ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ።

ብዙ ሰው «ደኅና ጡረታ ሰጧቸው» ብሎ ነበር። እኔ ያን ጊዜ ለማስፋፊያው ግንባታ ወደ ፋብሪካው ተዛውሬ ስለነበር ምደባው ምን ያህል የታሰበበት እንደ ሆነ ገባኝ። ከንቲባው በታሰሩበት ወራት መስኩ አልተወሰደም። ሽማግሌዎቹ ከብቶቻቸውን ይዘው ከመስኩ አንነሣም ብለው ነበር፤ ገጠሩ ውስጥ ጸጥታ ስላልነበረ የበላይ አካል በከተማው አፋፍ ግርግር አልፈለገም። ጠመንጃ ሳይተኮስ ከብቶቹን ማስነሣት የሚችል አንድ ድምፅ ብቻ ነበር። ያንን ድምፅ ደመወዝ ቆረጡለት።

ቢሯቸው ከእኔ ቢሮ ጋር ግድግዳ ይጋራ ነበር፤ መስኮታቸው በዋናው በር ትይዩ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሥራቸው ለበዓል መፈክር ማዘጋጀት፣ ከወዳጅ አገሮች የሚመጡ ልዑካንን ማስጎብኘት፣ የግድግዳ ጋዜጣ ማረም ነበር። አማርኛቸው ንጹሕ ስለሆነ መፈክሩ እንኳ ያምርባቸው ነበር። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ የሠራተኞችን አቤቱታ ወደ እሳቸው ይመራ ጀመር። አቶ ወርቅነህ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፤ ይሰማሉ፤ አቤቱታውን ከባለቤቱ በተሻለ ቋንቋ ይደግማሉ፤ «ልክ ነኝ?» ይላሉ። ሠራተኛው ፈክቶ ይወጣል። በዚህም ያበቃል። ከዚያ በኋላ የሚከተል ፍርድ የለም፤ የሚከፈት ቦኖ የለም። አንዲት ክር ፈታይ ሠራተኛ ለወይዘሮ ጽጌ ስትነግራት የሰማሁትን አልረሳውም።

«ከጋሽ ወርቅነህ ቢሮ ስወጣ ችግሬ የተፈታ ይመስለኛል። ቤቴ ስደርስ እንዳለ አገኘዋለሁ።»

አንድ ቀን ምሳ ላይ ይህን ነገርኋቸው። ቅር ይላቸዋል ብዬ ነበር፤ ፈገግ አሉ። «ኢንጂነር፣ መሰማትም ቀላል ነገር አይደለም» አሉኝ። ቀድሞ ለፍርድ መንገድ የነበረው መስማት ራሱ ሸቀጥ መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ።

ክረምት ሊገባ ሲል ሥራ አስኪያጁ የመስኩን ጉዳይ እንደገና አነሣ። እኔ በስብሰባው ላይ በምዕራብ በኩል ያለውን ድንጋያማ ቦታ አቀረብሁ፤ ለመደልደል ጊዜ ቢወስድም የማንንም ከብት አያፈናቅልም። «ጓድ ኢንጂነር፣ እኛ ጊዜ የለንም» ተብዬ ተዘጋሁ። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ወደ አቶ ወርቅነህ ዞረ።

«ፋብሪካው ለክረምቱ ብቻ ቦታውን ለቅየሳ እንደሚፈልገው ይንገሯቸው። ከዚያ በኋላ ይመለሳሉ ይበሉ። የፋብሪካው ቃል ነው በሏቸው።»

«ከዚያ በኋላ ይመለሳሉ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«አጥር ከታጠረ በኋላ በየት በኩል?» አለ ሥራ አስኪያጁ፤ ስብሰባው ሳቀ። አቶ ወርቅነህ አልሳቁም። መነጽራቸውን አድርገው ወረቀት ላይ ያዩ ነበር።

ወደ ሶንጎው የሄድነው ረፋዱ ላይ ነው። የቴክኒክ ጥያቄ ቢነሣ እንድመልስ እኔም ተላክሁ። መኪናውን የነዳው ዮሐንስ የሚባል የፋብሪካው ሾፌር ነበር፤ የቱላ ልጅ፣ ጸሎት ቤቱ በመንግሥት የተዘጋበት ጴንጤ፣ ቁጥብ ሰው። የእኔ ሲዳምኛ ከሰላምታ ስለማያልፍ አጠገቤ ተቀምጦ በሹክሹክታ ያስተረጉምልኝ ነበር። ሽማግሌዎቹ አቶ ወርቅነህን ሲያዩ ተነሡ። አቶ ላሚሶ የወዳጃቸውን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ረዥም ጊዜ አልለቀቋቸውም። ከተፈቱ ወዲህ ወደ ሶንጎው ሲመጡ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

ጤና፣ ቤተ ሰብ፣ ዝናብ ተጠያየቁ። ከዚያ አቶ ወርቅነህ መነጽራቸውን አውልቀው በኪሳቸው አኖሩ።

«አፊኒ?» አሉ።

«አልሰማንም፣ አሰማን ይላሉ» አለኝ ዮሐንስ።

አቶ ወርቅነህ ተናገሩ። ድምፃቸው የጥንቱ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ሙሉ። ከብቶቹ ለክረምቱ ወደ ጥቁር ውሃ በኩል ይውረዱ፤ መስኩ ይለካ፤ ሰማዩ ሲጠራ ይመለሳሉ። ይህንኑ ነው ዮሐንስ ቃል በቃል የነገረኝ። ንግግሩ አለቀ። አንድ ወጣት ለማጉረምረም ሲሞክር ሽማግሌዎቹ በዓይን ገሠጹት። ከዚያ አቶ ላሚሶ በትሕትና አንድ ጥያቄ ጠየቁ።

«ምን አሏቸው?» አልሁት።

«‘ሰምተናል። ይህ ቃል የማን ነው?’ ነው ያሉት።»

ጥያቄው ወጥመድ አልነበረም። አሁንም ሳስበው በር ነበር፤ የተከፈተ በር። አቶ ላሚሶ ለወዳጃቸው መውጫ ሰጥተዋቸዋል። «የፋብሪካው ነው» ቢሉ ማንም አያፍርባቸውም፤ ሽማግሌዎቹ የፋብሪካን ቃል ምን ማድረግ እንዳለባቸው ያውቁ ነበር። ሥራ አስኪያጁም ያዘዛቸው ያንኑ ነበር። እውነቱን ለመናገር ጀግንነት እንኳ አያስፈልጋቸውም፤ መታዘዝ ብቻ ይበቃቸው ነበር።

አቶ ወርቅነህ አጭር መልስ ሰጡ። ዮሐንስ አልተረጎመልኝም።

«ምን አሉ?»

ክንዱን ያዝሁት።

«ዮሐንስ፣ ምን አሉ?»

«‘የእኔ ነው’ አሉ።»

«ምኑ?»

«ቃሉ።»

አቶ ላሚሶ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ፊታቸው በራ። ለሌሎቹ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ሁሉም ተነሡ። ጉዳዩ አለቀ። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ከብቶቹ ከመስኩ ወጡ። ልጆችና ሴቶች እየነዷቸው፣ ጥጆች ወደ ኋላ እየቀሩ፣ አቧራው በዋርካው ላይ እያረፈ፣ መንጋው በሙሉ ወደ ጥቁር ውሃ ወረደ። አቶ ወርቅነህ ከመኪናው ደጃፍ ቆመው የመጨረሻዋ ላም እስክትሰወር ተመለከቱ። ተመለስን። ዮሐንስ መኪናውን በፋብሪካው ግቢ አቁሞ ቁልፉን ለዘበኛው ሰጠና፣ የሥራ ሰዓት ሳያልቅ በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ።

በሳምንቱ ዶዘር ገባ። ክረምቱ ሳያልቅ አጥሩ ቆመ። ጥቁር ውሃ ረግረግ ነው፤ ከብቶቹ በእግር በሽታና በትል ያልቁ ጀመር። ሰማዩ ሲጠራ የሚመለሱበት መስክ አልነበረም።

አቶ ላሚሶ ወደ ፋብሪካው በር መጡ። አልጮኹም፤ አቤቱታ አልያዙም። ለዘበኛው፣ «ከንቲባን ላነጋግር ነው» ብለው ከአጥሩ ሥር በትራቸውን ተደግፈው ተቀመጡ። ዘበኛው ስልክ ደወለ። የአቶ ወርቅነህን መልስ በግድግዳው ውስጥ ሰማሁት፤ «ስብሰባ ላይ ናቸው በላቸው።» ስብሰባ አልነበረም። ተነሥቼ ገባሁ። ከመስኮቱ ትንሽ ራቅ ብለው፣ ከውጭ እንዳይታዩ ሆነው ቆመዋል።

«ወደ በሩ ይውረዱና ያናግሯቸው» አልኋቸው።

«ምን እላቸዋለሁ?»

«ቃሉ የማን እንደ ነበረ።»

ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ታስረህ ታውቃለህ?»

«አልታሰርሁም።»

«እንግዲያው ስለ በር አትንገረኝ።»

እውነትም አልታሰርሁም። ፍርሃት የሰበረው ሰው ላይ መፍረድ ላልተሰበረ ሰው ቀላል መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለዚህ ለብዙ ዓመታት ነገሩን በዚህ አስረዳሁት፤ ፈርተው ነበር፤ ከዚያ ጨለማ ተመልሰው እንዳይገቡ ያደረጉት ነው። አቶ ላሚሶ በሩ ላይ እስከ ማታ ቆይተው ተነሥተው ሄዱ። በሌላ ቀንም መጡ። ከዚያ መምጣቱን ተዉት። አቶ ወርቅነህ በዓመታዊው በዓል «ሕዝብን በማስተባበር ላሳዩት ብቃት» ተሸለሙ፤ በጭብጨባው መካከል ዮሐንስ እጆቹን አጣምሮ መቀመጡን አየሁ።

ሥራ አስኪያጁ መሣሪያው እንደሚሠራ ካየ በኋላ ደግሞ ሊጠቀምበት ፈለገ። የፋብሪካው የውሃ መስመር በሰዎቹ የእንሰት ማሳ ውስጥ እንዲያልፍ ለማስፈቀድ አቶ ወርቅነህ ዳግመኛ ወደ ሶንጎው ተላኩ፤ ዮሐንስና እኔም እንደገና አብረን ሄድን። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ተቀበሏቸው። ቦታ ለቀቁላቸው፤ ወተት አቀረቡላቸው። ስለ ወይዘሮ አስካለ ጤና ጠየቁ። አንዳችም የቁጣ ቃል አልተሰማም። አቶ ወርቅነህ ወተቱን ጠጡ፤ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አፊኒ?» አሉ።

አቶ ላሚሶ ቀና ብለው አዩአቸው። አንዲት ቃል መለሱ።

«ምን አሉ?» አልሁት ዮሐንስን።

«‘ሰምተናል’ አሉ።»

ገና አንድም ነገር አልተነገረም። አቶ ወርቅነህ አፋቸውን ከፈቱ፤ ነገር ግን ሰምተናል ላለ ሸንጎ ማሰማት በዚያ ሥርዓት የለም፤ ይህን ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ የውጭ ሰው አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ጥቂት ከተቀመጡ በኋላ አንድ በአንድ እየተሰናበቱ፣ እጃቸውን እየጨበጡ ሄዱ። ከዋርካው ሥር ሦስታችን ብቻ ቀረን። በሕይወቴ ብዙ ሰው ሲዋረድ አይቻለሁ፤ በዚያ ዘመን በአደባባይ ማዋረድ የዕለት ሥራ ነበር። እንደዚያ በአክብሮት የተፈጸመ ፍርድ ግን አላየሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ አካባቢ ማንም ሰው ለአቶ ወርቅነህ ጉዳዩን አልነገራቸውም። ለቅሶ ቢሄዱ ይቀመጣሉ፤ ሰርግ ቢሄዱ ይበላሉ፤ ሰላም ይባላሉ። የሚሰሙት ነገር ግን አልቀረላቸውም።

አቶ ላሚሶ መንግሥቱ ሳይወድቅ ሞቱ። ከልጆቻቸው ሁለቱ ከብት ስላልቀራቸው በፋብሪካው የቀን ሠራተኞች ሆነው ተቀጠሩ፤ አባታቸው ላም ባሰማሩበት ቦታ ላይ በቆመው መጋዘን ከረጢት ይደረድሩ ነበር።

ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ፣ አቶ ወርቅነህን ለመጠየቅ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። ወይዘሮ አስካለ በሕይወት አልነበሩም። ሳሎኑ ንጹሕ ነው፤ የሽልማት ወረቀታቸው በመስታወት ተደርጎ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ስለ ጤና፣ ስለ ጡረታ፣ ስለ አዲሶቹ ባለሥልጣናት ተጨዋወትን። ስለ ባለሥልጣናቱ ሲናገሩ፣ «ሰው መስማት አይችሉም» አሉ፤ በቅንነት ነው ያሉት። ያን ጊዜ ዝም ማለት አልቻልሁም።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አልሁ። «ያን ቀን አቶ ላሚሶ ቃሉ የማን እንደ ሆነ ሲጠይቁዎ የታዘዙት የፋብሪካው ነው እንዲሉ ነበር። ፈርተው መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ከታዘዙት አልፈው እንዲሄዱ ያስፈራዎት ምን ነበር?»

«ማን ነው የፈራው?» አሉ። ድምፃቸው ተቆጣ።

«ታስረህ ታውቃለህ ብለውኝ ነበር።»

«ያን ያልሁህ አንተን ዝም ለማሰኘት ነው።» ከወንበራቸው ወደ ፊት ሰገግ አሉ። «ስማኝ፣ ኢንጂነር። የፋብሪካው ነው ብላቸው አይነሡም ነበር። ሥራ አስኪያጁ ይህን አያውቅም፤ እኔ አውቃለሁ። ከእስር ቤት ከወጣሁ በኋላ ማነኝ? ወንበሬን ወስደዋል፤ መፈክር ጻፍ ይሉኛል፤ በመንገድ የሚያውቀኝ ፊቱን ያዞራል። በቃሌ የሚነሣ ሰው ቀርቶልኝ ይሆን እያልሁ ነበር የምውለው። ላሚሶ ያን ጥያቄ ሲጠይቀኝ…» አቋረጡና እጃቸውን በአየር ላይ ዘረጉ፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ በዝግታ፣ መንጋ እንደሚያሳልፍ ሰው። «አንዲት ቃል! አንድ ፖሊስ፣ አንድ ጠመንጃ ሳይኖር። ከብቶቹ በሙሉ ሲነዱ አይተሃል አይደል?»

ፊታቸውን መረመርሁ። ጸጸት ፈልጌ ነበር፤ ባላገኝ ቢያንስ ኀፍረት። ያየሁት ደስታ ነበር። ከዓመታት በኋላም ትኩስ የሆነ፣ ምስክር በማግኘቱ የረካ ደስታ።

«አይቻለሁ» አልኋቸው።

ተነሥቼ ወጣሁ። እስከ ቀብራቸው ድረስ ተመልሼ ወደዚያ ቤት አልሄድሁም።